ሁለተኛዋ ማንኪያ

ኅዳር 4
ሠላሳ ሁለት ኮሌታ ይቀረኛል። የተማሪ ልብስ ነው፣ ዓርብ ይወሰዳል። ድንቡሼ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ክር ትፈታለች። ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ ወደ ፋብሪካ ስትሄድ በር ላይ ታስረክበኛለች፣ ማታ ትወስዳታለች።
«እትዬ፣ አደራሽን፣ ቁልፍ እንዳትውጥ።»
«አይዞሽ፣ እንዳንቺ ሆዳም አይደለችም።»
እየሳቀች ሄደች።

ኅዳር 6
ድንቡሼን ጉንፋን ይዟታል። በሳለች ቁጥር እጄ ይቆማል። ስፌቱ ይጣመማል፣ እፈታለሁ፣ እንደገና...

ኅዳር 7
ሐኪም ቤት ነን። አልነቃችም።

ኅዳር 8
በተራ ልጻፈው። በተራ ካልጻፍኩት ራሴን የምዋሽ ይመስለኛል።
ትናንት ጠዋት እህቴ በር ላይ የሆነ ነገር ልትለኝ ፈለገች። ሰርቪሱ ጥሩንባ ነፋ፣ ትታው ሮጠች።
ሦስት ሰዓት ላይ ሳሏ ጠና። ባለፈው ወር ለራሴ የገዛሁት ሽሮፕ መስኮቱ ላይ ነበር። መለኪያ ክዳኑን የስፒል ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። በሾርባ ማንኪያ ቀዳሁላት። እኔ ሁለት እወስድ ነበር፣ ለእሷ አንድ። ትንሽ ሰው፣ ትንሽ መጠን። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን? አላነበብኩም። ዓይኔ ሜትር ነው እያልኩ የምኩራራ ሴት...
አምስት ሰዓት ላይ አንድ ማንኪያ ደገምኩ።
ተኛች። አፏን ከፍታ፣ ጨርቁ ላይ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴም ይጻፍ። ዐሥራ ዘጠኝ ኮሌታ ጨረስኩ።
ስምንት ሰዓት ላይ ምሳዋን ላበላት ነካኋት። አንገቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈ። ትንፋሿ ይቆያል፣ ይመጣል፣ ይቆያል። አንድ እግሬ ላይ ብቻ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። «እናቴ፣ ክፍት ነው እኮ፣ ግቢ» አለኝ ባለታክሲው። በሩን እየደበደብኩት ኖሯል።
ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።
«ስንት ሰጠሻት?»
«ሁለት... የሾርባ ማንኪያ።»
«ይሄ ለዚህ ዕድሜ ጭራሽ አይሰጥም። የሚያስተኛ ነገር አለበት፣ ትንፋሽ ያደክማል። ሌላ የወሰደችውስ አለ? የጉንፋን?»
እህቴ ተጠርታ ከፋብሪካ እንደደረሰች ነበር፣ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። «ጠዋት ከቤት ሳንወጣ... እኔም የጉንፋን ሰጥቻታለሁ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።
«ስሙ ነው እንጂ የሚለየው፣ ውስጡ ያው ነው። ተደራረበባት» አለች ሐኪሟ።
ለካ በር ላይ ልትለኝ የፈለገችው ይሄን ነው። ለምን ተወችው? ባለፈው «ልጅቷን ፋርማሲ አደረግሻት» ብዬ ስቄባት ነበር።
የእህቴ ባል መጣ። «ማን ነው የሰጣት?» አለ።
እህቴ በአገጯ እኔን አሳየችው።

ኅዳር 9
ነቃች። ውሃ ጠየቀች። ጠጣች።
ከበሩ ማዶ ነው ያየኋት። አባቷ መተላለፊያው ላይ ቆመብኝ። አንቺ ይለኝ የነበረ ሰው አንቱ አለኝ። «እስከ ዛሬ ስለጠበቁልን እናመሰግናለን። ከእንግዲህ ግን ልጄን አይነኩብኝም።»
እህቴ አጠገቡ ነበረች። የጠዋቱን አልነገረችውም። እኔም ጠዋት እሷም ሰጥታታለች አላልኩም። ለምን? ለእህቴ አዝኜ? እንደዚያ ብሎ መጻፍ ያምራል። ግን ሁለተኛዋን ማንኪያ ስሰጣት ሳሉ ቀንሶ ነበር። ቀሚሴን እየጎተተች ትነጫነጭ ነበር እንጂ አልሳለችም። እንድትተኛልኝ ነው የሰጠኋት። እሷ አንድ ደበቀች፣ እኔም አንድ ደበቅሁ። የኔ ይብሳል።

ኅዳር 11
ኮሌታዎቹን ወሰዷቸው። «እጅሽ ይባረክ» አለኝ ሰውየው።

ኅዳር 15
የልጅ ልብስ ከትልቅ ሰው ልክ ላይ በመቀነስ አይወጣም። ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ትከሻው ጠባብ፣ ሆዱ ወደፊት። ስፌት ላስተማርኳቸው ሁሉ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነው። ለጨርቅ የማውቀውን ለልጅቷ እንዴት አጣሁት?

ኅዳር 22
እህቴ መጣች። ብቻዋን። ዓይኗ አብጧል።
«ለእሱ ነገርኩት፣ እትዬ። እኔም መስጠቴን። አንቺን እሳት ውስጥ ከትቼ... ለምን ዝም አልሽልኝ?»
«ተይው።»
«አልተወውም። ሰኞ ላምጣልሽ? እሱም እሺ ብሏል። እሷም እየጠራችሽ አስቸግራናለች።»
ሰኞ። ዝም ብል ሰኞ ትመጣለች። ቁርጥራጩን ጠርጌ፣ ስፒሎቹን ከፍ አድርጌ... ዝም ብል።
ነገርኳት።
«ሳሉ ቀንሶ ነበር?»
«አዎ።»
«ለኮሌታ?»
«ለኮሌታ።»
መቀሱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ምነው ባትነግሪኝ» አለች። አልተቆጣችም። የለመነችኝ ነው የመሰለኝ።
«ሳታውቂ አምነሽ እንዳትሰጪኝ ብዬ ነው።»
በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ታኅሣሥ 8
ሁለት ሰኞ አለፈ። የሚነጫነጭ የለም፣ እጄን የሚያስቆመኝ የለም። ሥራዬ ግን አልፈጠነም።
ዛሬ አትክልት መሸጫው ጋ አገኘኋቸው። ድንቡሼ አየችኝ። «ታታ» ብላ ጠርታኝ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። እህቴ ቆመች። ልትሰጠኝ ይሆን? ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩ።
«ሳሚያት» አለችኝ።
ሳምኳት። እህቴ ግን አልለቀቀቻትም፤ ጭምቅ አድርጋ እንደያዘቻት ነው የሳምኳት።
«እንዴት ናት?»
«ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። ሰው ቀጥረናል።» ለጎረቤት እንደሚባለው።
ሄዱ። ድንቡሼ በእናቷ ትከሻ ላይ ወደ ኋላ ዞራ ጠራችኝ። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛውን ስትጀምር እህቴ በመሐረብ አፏን ጠረገችላት።