ሟቹ ተገኝተዋል፣ አዴ ዲንቄ ቀርተዋል

ሐሙስ፣ ጥር 13

ጋሽ በየነ በገዛ ለቅሷቸው ላይ ተገኝተዋል! ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ድንኳኑ ላይ የሰቀልነው የካሜራ ማሽን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የቆመውን ፎቷቸውን አይቶ «ተገኝተዋል፤ ጠዋት 2፡40 ገቡ፤ አልወጡም» ብሎ መዝግቧቸዋል። ከቀበርናቸው እኮ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሊቀመንበራችን ኢንጂነሩ ስልኩን ሲያሳየኝ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እሱ አልሳቀም። «ትንሽ ስህተት ናት፣ ትስተካከላለች» አለኝ።

የእድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። ለቅሶ ላይ ደብተሬን ይዤ ስም እጠራለሁ፣ «አለሁ» ይሉኛል፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ አለቀ። ዘንድሮ ሊቀመንበር ያደረግነው ኢንጂነር ታምራት ግን ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ አለቃ ነው። «እኛ ጋ ካሜራው ሠራተኛውን በፊቱ ያውቀዋል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን እጁን አጣጥፎ ቆመ፣ ሁሉን ይቆጥራል። ሰበታ ግን ዛሬም በደብተር!» አለን። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እጄን ይቁረጠው። ከዚያ ነጠላችንን አውርደን፣ ተሰልፈን፣ ማሽኑ ፊታችንን እንዲያውቅ እንደ እስረኛ አንድ በአንድ ፎቶ ተነሣን።

ዓርብ፣ ጥር 14

ጉድ ፈላ። ኢንጂነሩ ቤቱ ጠርቶ ሪፖርት ሰጠኝ። ካሜራው ከተሰቀለ ወዲህ በነበሩት ሦስት ለቅሶዎች ሁሉ ቀርታለች የተባለች አንዲት አባል አለች። በደንባችን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ምክንያት የቀረ ይሰረዛል። ስሟን አየሁት። አዴ ዲንቄ!

አዴ ዲንቄ ቀሩ? እኚህ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ማንም ሳይመጣ ይመጣሉ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ቁጭ ብለው አያውቁም። ከድንኳኑ ጀርባ ናቸው፣ በርሜሉ አጠገብ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ድስት ውስጥ። እኛ በልተን የምንነሳበት ሳህን ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው።

«ኋላ ናቸው እኮ» አልኩት።

«ኋላ ካሜራ የለም።»

«እኔ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።»

«እትዬ ሰናይት፣ የእርስዎ ዓይን ያዳላል። የማሽን ዓይን አያዳላም።»

አያዳላም! የሞተውን ቆጥሮ በሕይወት ያለውን ይሰርዛል እንጂ መቼ ያዳላል።

ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ፣ የተኩራራበት መስሎኝ። የጋሽ በየነን ሚስት፣ አልማዝን። ፀጉሯ ተበትኖ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ደረቷን ስትመታ። በጣቱ አጉልቶ «ጥራቱን አዩልኝ?» ይለኛል። ይህ ሁሉ የት ነው የሚቀመጠው አልኩት። «ክላውድ ላይ።» ክላውዱ የማን ነው? አያውቅም። ማን ያየዋል? አያውቅም። ሰው የገዛ ለቅሶውን ለማን እንዳስረከበ ሳያውቅ ያልቅስ ማለት ነው? ቱ!

የስረዛውን ደብዳቤ ጻፊ ተብዬ ጻፍኩት። አዎ፣ ጻፍኩት። ለእሱ ያለኝ ንቀት ለእኔም ተርፎ ይደርሰኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ጥር 15

ደብዳቤውን ይዤ አዴ ዲንቄ ዘንድ ሄድኩ። ከሩቅ ሲያዩኝ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ!» አሉኝ። «እንዴት አደርሽ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። ወረቀቱን ማውጣት አቃተኝ፤ በአፌ ነገርኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። «እኔ? የቀረሁት እኔ?» ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባቸው ሳቃቸውን ተዉት።

«ባሌን የቀበረልኝ ይህ እድር ነው» አሉ። «ታዲያ እኔን ማን ይቀብረኛል?»

እንዲህ አይበሉ፣ መላ አይጠፋም ምናምን አልኩ። የማይረባ ወሬ።

«ፊት ብቀመጥ ያየኛል?»

«ያይዎታል።»

«ድስቱንስ ማን ያጥበዋል?»

ደብዳቤውን መልሼ ይዤው መጣሁ።

እሑድ፣ ጥር 16

ጠዋት የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ኦቦ ቶላ አረፉ። ደግ ገበሬ ነበሩ፣ ነፍስ ይማር። ከቀብር መልስ ፎቷቸው የቆመበት ድንኳን ገባን።

አዴ ዲንቄ ፊት ተቀምጠዋል! የታጠበ ነጠላ ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ሥራ የፈታ እጅ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸዋል። ከኋላ የሳህን መንኳኳት ይሰማል፤ የሚያጥበው ሰው ጠፍቶ ተከምሯል። በሰሙት ቁጥር ዘወር ይላሉ።

ማሽኑ አላወቃቸውም። «ያልታወቀ ሰው» አለ። እንደ ለቀስተኛ በነጠላቸው እስከ አፍንጫቸው ተሸፍነዋላ! ኢንጂነሩ ስልኩን ይዞ መጣ። «እማማ፣ ነጠላውን ያውርዱና ወደ ካሜራው ቀና ይበሉ።» የኦቦ ቶላ ልጆች እዚያው እያለቀሱ ነው። አዴ ዲንቄ በሰው መሀል ነጠላቸውን አወረዱ። ቀና አሉ። እንባቸው ወረደ። አሁንም «ያልታወቀ ሰው»።

«አያልቅሱ እማማ» አላቸው። «ፊት ሲጨማደድ አይለይም።»

«አንተ! ለቅሶ ቤት መጥተህ አያልቅሱ ትላለህ?» ስል ሰው ሁሉ ዞረ። ሌላ የምለው ነበረኝ፣ ግን ለሟቹ ክብር ዋጥኩት። የአዴ ዲንቄን ክንድ ያዝኩ። «ይነሱ፣ ኋላ ሥራ አለብን።»

ሁለት ሆነን ወጣን። ዞር ስል አልማዝ በጥቁር ልብሷ ተከትላናለች። ቀጥሎ ጎረቤቶቿ። ከዚያ ወንዶቹ ወንበር ወንበራቸውን ተሸክመው። የኦቦ ቶላ ልጆች ሳይቀሩ መጡ። በርሜሉን ከበን ተቀመጥን፣ አለቀስን፣ አዴ ዲንቄም እጃቸውን ድስት ውስጥ ከተው እያጠቡ አለቀሱ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሳህን አለቀለቅሁ። ስንት ዓመት የበላሁበትን ሳህን ሳጥብ የመጀመሪያዬ ነው። ያሳፍራል።

ሰኞ፣ ጥር 17

ሪፖርቱ ደረሰኝ። የትናንቱ ለቅሶ፣ የተገኙ፦

አንደኛ፣ ኢንጂነር ታምራት።

ሁለተኛ፣ ኦቦ ቶላ።

ሟቹና ሊቀመንበሩ! ሌላው አባል በሙሉ፣ መሀል ላይ ከድንኳኑ ስለወጣ፣ ቀርቷል። ብቻዬን ቤቴ ውስጥ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኩት፣ አሮጌውን ደብተሬን ይዤ ወደ ለቅሶው ሄድኩ።

ኢንጂነሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የተሸነፈ እንዳይመስላችሁ። «ኋላም አንድ ካሜራ እንሰቅላለን» አለኝ። ይስቀል። ያኔ ደግሞ ሌላ ጀርባ እንፈልጋለን። አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤው ስለ ካሜራው ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ያኔ ያጨበጨብን ሰዎች ነን፣ እኛ ላይ ምን እምነት አለ?

በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ስም ጠራሁ። ከመጀመሪያው ስም ጀመርኩ።

«አዴ ዲንቄ!»

«አለሁ!»

ምልክት አደረግሁ። ሌላውን ልጠራ ስል እጃቸውን ከውኃው አውጥተው መጡ። «አሳዪኝ» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ይዤ ስማቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እርጥብ ነበርና ቀለሙን ትንሽ አበላሸው።

ይበላሽ።