ስቱኮ የተለቀለቀች ጀልባ

ይድረስ ለአማቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የሺቤኒክ ከተማ ደረጃ ዘንድሮም አላሻለውም ብዬ እገምታለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ፋይበር ስፍቅ ከመዋሌ የተነሳ ክንዴን ከማከኬ በቀር የጎደለኝ የለም። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጦ ጆሮውን ይቀስርና መልሱን ራሱ ይመልስልኛል። ስለዚህ ጻፍኩ።

ወሬው ስለዚሁ ልጅዎ፣ ስለ ቶንቺ ነው፤ ስለ ማን ይሆናል? ከተፋታን ወዲህ እንኳ ሰው ወሬ ሲያጥረው እሱን ነው የሚያመጣልኝ።

የአባቱን ጀልባ እንዴት እንደጠገናት ቡና ቤት ሲደሰኩር እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። ከሆዷ ሥር ሆኖ እንዳትገለበጥ የሚይዛት ያ ከባድ ብረት፣ ከፋይበሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ጌታው ምን አደረገ? ስንጥቁ ላይ ስቱኮ ለቀለቀ፣ ቀለም ደረበበት፣ ብሎኖቹን በመፍቻ አንዴ አንዴ ጠምዘዝ አደረገና እጁን ታጠበ። ለእመቤታችን በዓል እርስዎን አሳፍሮ ወደ ትውልድ ደሴትዎ ሊሻገር ያሰበው እንግዲህ በዚህች ነው!

ወደ እኛ የጀልባ መጠገኛ ግቢ ያመጣት ላሠራት ብሎ እንዳይመስልዎ፤ ሆዷን ሊያሳጥባት ነው። ቆማ ስትሰነብት ከዚያ ከለቀለቀው መገጣጠሚያ ዝገት ያዘለ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ሳላስፈቅደው በመጋዝ ከፈትኩት። ብረቱን በክሬን ይዘን ዝቅ ስናደርገው የኋላዎቹ ብሎኖች እንደ እርሳስ ቀጥነው ወጡ። አብሮኝ የሚሠራው ሺሜ አንዱን በመዶሻ ነካ ቢያደርገው ተቀነጠሰ። ማዕበል አጥብቆ ቢያጋድላት ብረቱ ተነቅሎ ባሕር ውስጥ ይቀር ነበር፤ እናንተም አብራችሁ። ከውስጥም ወለሉ ወደ ላይ ተገፍቶ ተሰነጣጥቋል። ዓለት ካልመታች እንዲህ አትሆንም።

የት እንደመታት ጠየቅኩት። ጀልባ ሲያረጅ እንዲህ ነው ብሎ ሊያስተምረኝ ሞከረ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ላደግኩት ለእኔ! የተቀነጠሰውን ብሎን ጫማው ላይ ስጥልለት ተናዘዘ። በስሙ ቀን፣ ስሙ በወጣለት በቅዱስ እንጦንዮስ ዕለት፣ ብቻውን ወጥቶ ዓለቱን ሳያየው ቀርቶ ነው አለ። ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ሺሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ካፒቴን፣ ዓለቱስ ደህና ነው? የሚያስታምመው አገኘ?” አለው። ከዚያ ወዲህ ቡና ቤት ሲገባ፣ “ኧረ ወንበሩን አርቁለት፣ እንዳይገጨው” ይላሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ይጠጣል።

እኔም እስክጠግብ ሳቅኩ። ኋላ ግን የተሰነጠቀውን ወለል ሞርጄ አዲስ ፋይበር ስደርብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ቀን እኮ እኔና እሱ ፍርድ ቤት ተቀምጠን ፍቺያችንን ስንፈርም ነው የዋልነው። የጀልባዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያንቃጭልብኝ ቀምቼ በመስኮት ልወረውርለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ቁልፏ ደግሞ ሁለት ነው። ሁለተኛው ማን ቤት እንደሚንጠለጠል እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ለውሸት እንኳ ቀን መምረጥ የማይችል ሰው! አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ለሌላ ሰው ብሎ ሲሳቅበት አይቼው አላውቅም። ምንም አልጠየቅኩትም፤ ለማንም አልተነፈስኩም። ሰው ዕውር ቢለው ምን ይሆናል።

ጀልባዋ ለበዓሉ ትደርሳለች። ብሎኖቹ አዲስ ናቸው፣ ሰፋፊ ሮንዴላ ገብቶላቸዋል። ብረቱን በማስቲሽ አስቀምጬ ያጠበቅኩት ራሴ ነኝ፤ እሱን መፍቻ አላስነካሁትም። ስንሻገርም መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። እርስዎ ጥላው ሥር ይቀመጣሉ፤ እሱ ገመድ ይሰብስብ፣ እሱንም ከቻለበት። ከዚያ በፊት ግን ሰኞ እመጣና ዛዳር ከተማ አንዲት ጎበዝ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። የጉልበት ሐኪም አይደለችም፤ የዓይን ናት። ቶንቺን ገበያ ሄድን እንለዋለን።

እመቤታችን በደጅም በባሕርም ትጠብቅዎ፣ ዕድሜዎን ታርዝመው። ፊደሉን እንዲህ አግንኜ የጻፍኩት ለማንም ሰጥተው እንዳያስነብቡ ነው።

ምራትዎ