በግምት ስም የማይሰጡት ወይዘሮ ትብለጥ ዓለሙ

ወይዘሮ ትብለጥ ዓለሙ ከአባታቸው ከአቶ ዓለሙ ነጋሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ካሳ በ1974 ዓ.ም. በመቂ ከተማ ተወለዱ። ተማሪ ሳሉ የአባታቸው ሽንኩርት ቅጠሉ እየነጣ ሲደርቅ፣ ሰዉ ሁሉ የውሃ ጥም ነው ሲል፣ እርሳቸው ቅጠሉን ፈልቅቀው ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ተባይ አገኙ። ትሪፕስ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሙያ አልተመኙም።

በ1998 ዓ.ም. በዕፅዋት ጥበቃ ተመርቀው በዝዋይ የአበባ እርሻ ካገለገሉ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ ኤምሬትስ መጥተው አጅማን በሚገኝ የግል ላቦራቶሪ ከውጭ የሚገባውን አበባና አትክልት ይመረምሩ ጀመር። አበባውን ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፋሉ፤ የረገፈውን ትሪፕስ ክንፉን ዘርግተው በመስታወት ላይ ያስቀምጡና በማይክሮስኮፕ ያዩታል። የጭንቅላቱ ጸጉር ቦታው ጥቂት ከተለየ ዝርያው ሌላ ነው። ስሙ ከተሳተ ወይ የሰው ሸቀጥ ያለ ጥፋቱ ይቃጠላል፣ ወይ ተባዩ አገር ይገባል። በዱባይ የናይፍ ገበያ ነጋዴዎች «ያላ፣ ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለበትም በይና ጻፊልን» እያሉ ሲወተውቷቸው እንኳ ሳያረጋግጡ ስም ጽፈው አያውቁም።

በ2006 ዓ.ም. ከአቶ ዋሲሁን ጌዲ ጋር አገር ቤት ገብተው በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። እርሳቸው ኦርቶዶክስ፣ ባለቤታቸው ጴንጤ ናቸውና ዘመድ ብዙ ተናግሯል፤ እነርሱ ግን በሰላም ኖሩ። በሠርጋቸው ቀን የያዙትን እቅፍ አበባ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አራግፈው ሲመረምሩ እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሻርጃ፣ አል መጃዝ ሰፈር በነበረው ቤታቸው ልጃቸው እሌኒ በ2008 ዓ.ም. ተወለደች።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ወይዘሮ ትብለጥ በኮሮና ታመው እዚያው ሻርጃ ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ አይገባም ነበር። እኔ ታናሽ እህታቸው የሺአረግ፣ ዱባይ አል ማምዛር ሰፈር ከምሠራበት ቤት መውጣት ተከልክዬ፣ በአንድ ከተማ ርቀት ሳልደርስላቸው ግንቦት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፉ። ይህ አንጀቴን ቆርጦታል።

አውሮፕላን ስለቆመ አስከሬናቸው አገር ሊገባ አልቻለም። ለፍትሐት ካህኑ በስልክ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። እናትና አባታችን በሕይወት የሉም፤ ባለቤታቸው በቤተ እምነታቸው ልማዱ ስለሌለ ጠይቀው አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። ሰዓቱ ሲገፋ አንዳንዶቻችን «ወለተ ማርያም ይባሉ፣ እግዜር ይረዳል» አልን። አቶ ዋሲሁን ግን እንባቸውን እየጠረጉ «ትብለጥ ለተባይ እንኳ በግምት ስም አልሰጠችም። ለእሷም በግምት አይሰጣትም» አሉ። ከዚያም መቂ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ ሲደውሉ አደሩ። ዛሬ ጠዋት አንድ ጎረቤት ስልኩን ይዞ የክርስትና እናታቸው እማማ ብርቱካን ቤት ደረሰ። እማማ ብርቱካን ዐይናቸው ቢደክምም ሰማንያ ቀን የሞላትን ሕፃን ክርስትና ያነሱበትን ዕለት አልዘነጉም።

ወይዘሮ ትብለጥ የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። እሌኒ እናቷ ላቦራቶሪ ያመሸች እየመሰላት እስከ ዛሬ በር በሩን ታያለች።

ሻርጃ መቃብሩ ዘንድ እንድትቆሙ የተፈቀደላችሁ ጥቂቶች፣ በስልክም የምትሰሙን ሁሉ፣ አብረን እንጸልይ። አቤቱ፣ ሰው ሁሉ ትብለጥ ሲል የጠራቸውን፣ አንተ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በስማቸው የምታውቃቸውን የአገልጋይህን የአመተ ሚካኤልን ነፍስ ተቀበል።