ለአሮጌ የጭነት መኪና አዲስ ዳሽቦርድ የሠሩት የእትዬ ፊውዝ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ፊውዝ የሠሩት የመጀመሪያው የዳሽቦርድ ስክሪን በታናሽ እህታቸው መኪና ላይ አልተገጠመም። ነገሩ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ሾፌሮችና መካኒኮች መካከል ያልሰማ የለም፤ የሰማም ሁሉ የየራሱን ጨምሮበታል። ስለዚህ ከትውልዳቸው ጀምሮ በትክክል ይነበብ።

እትዬ ፊውዝ ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ናቸው። አራት ዓመት ሲሞላቸው ታናሽ እህታቸው ተወለደች። እናታቸው ያወሩ እንደነበረው፣ እትዬ ፊውዝ ሕፃኗን አንድ ሳምንት ሙሉ ካዩ በኋላ «ይቺ መቼ ነው የምትሄደው?» ብለው ጠይቀዋል። ታናሽየዋ ይህን ስትሰማ ስቃለች እንጂ አልተቀየመችም። የተቀየመችው በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት ገብተው አንድም ክፍል ሳይደግሙ አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ። ከዚያም በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ኤሌክትሪክ ለሁለት ዓመት ተምረው በማዕረግ ተመረቁ። ታናሽ እህታቸው ከሦስተኛ ክፍል ወጥታለች። ማንም አላስወጣትም፤ የአባቷ ጋቢና ከክፍሉ ወንበር ስለበለጠባት ራሷ ናት የወጣችው። አባታቸው ሲያርፉ መኪናዋ ለእሷ ቀረች፤ እስከ ዛሬም የምትሠራው በእሷው ነው።

እትዬ ፊውዝ በሃያ ዓመታቸው በአንድ የጭነት ድርጅት ጋራዥ ተቀጠሩ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የዚያ ሾፌሮች ናቸው። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ጠምጥሞ የመጣ ሾፌር ካዩ ቁልፉን ነጥቀው «ቤትህንም እንዲህ ነው የምታቃጥለው?» ይሉ ነበርና። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ከስድስት ዓመት በፊት ቀድመዋቸዋል።

ሰው ሁሉ የሚያውቅላቸው ሥራ መነሻው እንዲህ ነው። አርባ ሦስት ዓመታቸው ሳለ ታናሽ እህታቸው ዳገት ላይ ናፍጣ ጨርሳ ቆመች። የናፍጣ መለኪያው፣ የጌጁ መርፌ ግማሽ ይላል። ሁለት ቀን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ፣ በሦስተኛው ቀን እህቷ ቤት ገብታ ሰላም እንኳ ሳትል «እትዬ፣ መርፌው ዋሸኝ» አለች። እሳቸውም «አልዋሸም፣ አርጅቷል» አሉ። በማግስቱ ዳሽቦርዱን ከመኪናዋ ነቅለው የጓሮ ክፍላቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። እያንዳንዱን ሽቦ ለኩ፣ ጻፉ፣ ከዚያ መልሰው ገጠሙላት። የእነዚያን አሮጌ መኪናዎች ጌጅ ፋብሪካው መሥራት ከተወ ቆይቷል። ሞተሩ ገና ሃያ ዓመት ይሄዳል፣ ዳሽቦርዱ ግን ሞቷል። እትዬ ፊውዝ ያሰቡት ፍጥነቱን፣ ናፍጣውን፣ ሙቀቱን፣ ዘይቱንና የፍሬኑን የአየር ግፊት በአሮጌው ሽቦ ላይ እያነበበ የሚያሳይ አንድ ስክሪን ነው።

ሥራው አራት ዓመት ፈጀ። ሞተር ሲነሳ የሚመጣው ኃይል ብቻ አምስት ስክሪን አቃጠለባቸው። የመንገዱን መንቀጥቀጥ ለመፈተን ስክሪኑን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ አስረው ያውሉት ነበር፤ በዚያ ሰሞን የባለቤታቸው ሸሚዝ ሳይቆሽሽ እየታጠበ ሳስቶ አለቀ። ፕሮግራሙን ልጃቸው ጻፈችው። መጀመሪያ ሁሉ ነገር በቁጥር ነበር የሚታየው። ታናሽ እህታቸው ሙከራውን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እኔ ዳገት ላይ ቁጥር ላንብብ ወይስ መንገዱን ልይ? ደግሞ ይሄ ናፍጣ እንደ ፍየል ይዘላል፤ ስልሳ፣ ሠላሳ፣ ሰባ!» አለች።

«መኪናው ሲንገጫገጭ ናፍጣው ይናጣል» አሉ እትዬ ፊውዝ።

«እንግዲያው እስኪረጋ ይጠብቃ! መርፌም ሣዪበት፤ መርፌ በዓይን ጥግ ይታያል።»

እትዬ ፊውዝ ኮስተር እንዳሉ አንድ ሳምንት ከረሙ። ከዚያ መርፌ ሣሉበት፤ ናፍጣውም የአንድ ደቂቃውን አማካይ እንዲያሳይ ተደረገ። ዛሬ በየመኪናችሁ የምታዩት መርፌ የታናሽ እህታቸው ሐሳብ ነው። ይህ በጽሑፍ ሲወጣ ገና መጀመሪያው ነው።

በዚህ መሐል አንዲት ጎማ ነጋዴ መጣች። የመጣችው የሦስት አሮጌ መኪናዎቿን መብራት ልታሠራ ነበር። መብራቱ በሁለት ቀን አለቀ፤ እሷ ግን መምጣቷን አላቆመችም። ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። የጓሮ ክፍሉ ውስጥ የራሷ ወንበር ኖራት። ታናሽየዋ ስትመጣ የምትቀመጠው የዘይት በርሜል ላይ ነው። ጎማ ነጋዴዋ «እህቴ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «እህቴ» ይሏታል። ታናሽ እህታቸውን ዕድሜያቸውን ሙሉ «አንቺ ግትር» እንጂ «እህቴ» ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከድርጅቱ ወጥተው የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። የመጀመሪያው ስክሪን በዚያ ሳምንት አልቆ በጎማ ነጋዴዋ ቀይ መኪና ላይ ተገጠመ። በምረቃው ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇን ይዘው «ያለ እሷ እዚህ አልደርስም ነበር» አሉ። ታናሽ እህታቸው ከኋላ፣ የጎማ መንፊያው ማሽን ጎን ቆማለች። የስክሪኑ ካርቶን ላይ የወጣውም የእትዬ ፊውዝና የጎማ ነጋዴዋ ፎቶ ነው።

በኋላ ስትጠይቃቸው «ያልተፈተነ ነገር ባንቺ መኪና ላይ አልሰቅልም» ብለው መለሱላት። እውነትም ያ ስክሪን ወር ሳይሞላው መንገድ ላይ ጠፍቶ፣ ሙቀቱን የሚናገር ጠፍቶ የቀይዋ መኪና ሞተር ፈላ። ታናሽ እህታቸው ይህን ስትሰማ «እሰይ» ብላለች። ያለችው ሾፌሩ ደህና መሆኑን ከሰማች በኋላ ነው። ምክንያታቸውን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም። አርባኛው ስክሪን ሲያልቅ እትዬ ፊውዝ ራሳቸው ተሸክመውላት መጡ። «አርባኛ ከምሆን በዘንግ እለካለሁ» አለቻቸው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ናፍጣዋን በዘንግ እየለካች ትነዳለች። ዳገት ላይም ዳግም አልቆመችም።

እትዬ ፊውዝ ከስድስት መቶ በላይ አሮጌ መኪናዎችን በእጃቸው መልሰው መንገድ ላይ አውጥተዋል፤ ሰባት ሰዎችንም ሙያውን አስተምረዋል። በሥራ ቁጡ፣ ከሥራ ውጪ ተጫዋች ነበሩ። የተበደሉትን ቶሎ ይረሳሉ፤ የበደሉትንም እንደዚያው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ጠዋት ጠዋት ታናሽ እህታቸው፣ ከሰዓት በኋላ ጎማ ነጋዴዋ አስታመሟቸው። በር ላይ ሲተላለፉ «እንዴት አደረች?» «ደህና ናት» ብቻ ነው የሚባባሉት። በተደረገላቸው ሕክምና ሊድኑ ስላልቻሉ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሰዓቱ የጎማ ነጋዴዋ ተራ ነበር። ታናሽ እህታቸው በዚያን ጊዜ አሸዋ እያራገፈች ነው። ሲነገራት ያለችው «መጨረሻዋንም ወሰደችብኝ» ነው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

በማግስቱ አስከሬናቸውን ከሆስፒታል ለማምጣት የአባቷን መኪና ይዛ ሄደች። አስከሬኑ ተጭኖ ስትመለስ ጎማ ነጋዴዋ ጥቁር ለብሳ የሆስፒታሉ በር ጋ ብቻዋን ቆማለች። በዚያ ጋቢና ከታናሽየዋ ጎን ከእትዬ ፊውዝ በቀር ሌላ ሴት ተቀምጣ አታውቅም። ታናሽየዋ በሩን ከውስጥ ከፈተችና «ግቢ» አለቻት።

«ናፍጣ አለው?» አለች ጎማ ነጋዴዋ፣ ዳሽቦርዱን አይታ።

«ዘንጉ ከወንበርሽ ሥር ነው። ወርደሽ ለኪ።»

በጥቁር ልብሷ ወርዳ ለካች። «ግማሽ» አለች።

መንገዱን እኩሌታ ያህል ከሄዱ በኋላ ታናሽየዋ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ «መጨረሻ ላይ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች።

«ውሃ አለች። ሰጠኋት፤ አልጠጣችም።»

«ስለ እኔስ?»

«ምንም አላለች። ስለ እኔም ምንም።» ይህን ብላ ጎማ ነጋዴዋ ማልቀስ ጀመረች። ታናሽየዋ ሌላ ስላልነበራት የመስታወት መጥረጊያውን ጨርቅ አቀበለቻት፤ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸትም ፊቷን ጠረገችበት። ቤት ሲደርሱ አስከሬኑን ለማውረድ ታናሽየዋ በራስጌ ያዘች፣ ጎማ ነጋዴዋ በግርጌ።

እትዬ ፊውዝ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆችና ሁለት እህቶች ትተው አልፈዋል። ማተሚያ ቤቱ «እኛ የምናውቀው አንድ እህት ነው፤ ስሕተት ይሆን?» ብሎ ደውሎ ነበር። ስሕተት የለውም፣ ሁለት ተብሎ ይታተም ተብሏል። አንደኛዋ ታናሽ እህታቸው፣ ሁለተኛዋ ጎማ ነጋዴዋ ናት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዳገት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው ብርታቱን፣ ለሁለቱ እህቶቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን፤ በተራቸው።