ለድምፅ ተቆጣጣሪው፦ ስለ ማርሚታዬና ስለ አማቴ እጅ

ለክቡር አቶ ሉቡልዋ፣ የከተማችን ምክር ቤት የድምፅና የሁከት መቆጣጠሪያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመሥሪያ ቤትዎና በተለይም ለሁለቱ ጆሮዎችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እነሱ አንድ ነገር ቢሆኑ እኛ የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂዎች ምን ይውጠናል? በዚህ ከተማ ያለው የድምፅ መለኪያ መሣሪያ እነሱ ብቻ ናቸው።

እኔ ጄሮም ክያዜ እባላለሁ። በገበያው በር ካለው የፌኔ ዛፍ ሥር ሞተር ሳይክሌን አቁሜ ሰው ሳመላልስ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምናልባት እኔን አያስታውሱኝም፤ ሞተሬን ግን ያውቋታል፤ ሁለት ጊዜ አስረዋታል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በርና በሻይ ቤቶቹ ግድግዳ የለጠፍኩት እርስዎን ለማዋረድ አይደለም። ቢሮዎ አምስት ጊዜ መጥቼ አራቱን ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ስለተመለስኩ፣ አምስተኛውን ደግሞ በሁለት ደቂቃ ስለሸኙኝ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያልፉ መንገድ ላይ ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ አጭር ነው። ልጄ ከተወለደች ስምንት ሳምንቷ ነው፤ እኔ ካየኋት ስድስት ሳምንት አልፏል። በመካከላችን ያለው የአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድና የክቡርነትዎ ደንብ ነው። መንገዱን እችለዋለሁ። ስለ ደንቡ ግን አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፦

አንደኛ፣ ስለ ምርመራዎ። ያን ሰኞ ማቆሚያችን ድረስ መጥተው፣ ዐይንዎን ጨፍነው፣ ሃያ ሦስት ሞተር አንድ በአንድ እየተነሣ ሲያዳምጡ ሁላችንም በአድናቆት ተመልክተንዎታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የምክር ቤት አባሉ ወፍጮ በዚያው ሰዓት ጥርስ እስኪያፋጭ ድረስ ይጮህ ነበር፤ ጆሮዎ እሱን አልፎ የእኔን ማርሚታ፣ ያንን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ ብቻ ለይቶ መስማቱ የተማረ ጆሮ መሆኑን ያሳያል።

ያ ማርሚታ በዘፈቀደ የተገዛ አልነበረም። የፋብሪካው ከሥሩ በዝገት ሲበሳብኝ ካምፓላ ድረስ ሄጄ፣ በመለዋወጫ ተራ ግማሽ ቀን ፈጅቼ የመረጥኩት ነው። አንኳኩቼ ሰማሁት፤ ቀጭን ቆርቆሮ ከሆነ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። አወዛወዝኩት፤ ውስጡ ያለው ቃጫ ከተላቀቀ ይንኮሻኮሻል። የብየዳውን መስመር በጥፍሬ ተከተልኩ፤ የአፉን ስፋት ይዤው በሄድኩት አሮጌ ቱቦ ለካሁ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ሳይቀር በሲባጎ ለክቼ ነው የገዛሁት። ወፍራም፣ ረጋ ያለ ድምፅ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሳት መምህርት ፔሩዝ እሱን ስትሰማ ደብተሯን ሰብስባ ከቤቷ ትወጣ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን በካሶሎ መንደር አንድ ጆሮ ያውቀው ነበር፤ የአማቴ ጆሮ።

እኔና አማቴ ፊት ለፊት እንደማንገናኝ፣ እንደማንነካካ፣ ስማቸውንም እንደማልጠራ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። ይህን የጣሰ ሰው እጁ እስኪሞት ይንቀጠቀጣል ሲባል አብረን ሰምተን ያደግን ነን። ባለቤቴ ሮቢና ለመውለድ እናቷ ቤት ከሄደች ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ማቶኬ የሚባለውን የሚቀቀል ሙዝ፣ ወተትና ሳሙና አደርስላት ነበር። ሞተሬ የረግረጉ ድልድይ ላይ ስትደርስ አማቴ ይሰማሉ፤ የያዙትን አስቀምጠው ወደ ቤት ይገባሉ፤ አጥሩ ጋ ስደርስ ግቢው ነጻ ነው፤ ሮቢና ሕፃኗን ታቅፋ ትወጣለች። በዚህ ሁኔታ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫው። በመምረጥ እንዳንደክም አስበው አንድ ዓይነት ማርሚታ ብቻ፣ ከአንድ ሱቅ ብቻ እንድንገዛ ስላዘዙልን እግዜር ይስጥልን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ሱቁን ከእርስዎ ጋር የሚያዛምዱ ምላሰኞች አሉ። እኔ አላመንኳቸውም፤ አንድ ሰው አጎት ቢኖረው፣ አጎቱም ማርሚታ ቢሸጥ ምን ኃጢአት አለው?

የሱቁ ገጣጣሚ ካይዚ ይባላል። ማርሚታው ከሞተሬ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲለው በሞረድ አሰፋው። ከዚያ ቱቦው ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ የነበረውን የተጨፈለቀ የመዳብ ቀለበት ሳያወጣ አዲሱን በላዩ ሊደርብ ሲል ዝም ማለት አቃተኝ።

“ካይዚ፣ ወንድሜ፣ አሮጌውን አውጣው እንጂ። በቀለበት ላይ ቀለበት ደርበህ እንዴት ይታሸጋል?” አልኩት።

“አንተ ነጂ አይደለህ? ንዳ። ሲሊኮኑ ሁሉንም ይደፍነዋል” አለኝ፤ ሲሊኮኑንም ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ሰው ደፈደፈው።

ይድረቅና ነገ ልውሰደው ብል፣ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው አለ ብሎ ወዲያው አስነሣኝ። ቡሎኖቹን በሚያጠብቁት ዳዶዎች ላይ የምክር ቤቱን ቀይ ቀለም ቀባ፤ ይህን ቀለም የሰበረ ይቀጣል ብሎም አስጠነቀቀኝ። አሮጌው ማርሚታዬ ስሜ ተጽፎበት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤትዎ ሄደ። ሞተሬም በእውነት ዝም አለች፤ በዚህ አላማዎትም።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ለመጻፍ የሚከብደኝ ነው።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ካሶሎ ሄድኩ። ድልድዩን ተሻገርኩ፤ ማንም አልሰማኝም። አጥሩ ጋ ደረስኩ፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው በሩን ገፍቼ ገባሁ። አማቴ ሕፃኗን በቅጠል ውሃ አጥበው ከጨረሱ በኋላ ራሳቸው ገላቸውን ታጥበው፣ ከወገባቸው በላይ ምንም ሳይደርቡ ወደ ልብስ ማስጫው እየሄዱ ነበር። ያየሁትን ለማየት የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። እሳቸውም እኔን ሲያዩ ደንግጠው ለመሮጥ ዞሩ፤ የሳሙናው ውሃ አዳለጣቸውና በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ። አጥንቱ ሲሰበር ከበሩ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ክቡር አቶ ሉቡልዋ፣ ሰው ወድቆ አላነሣሁም። እጄ እዚያው ነበር፤ ጉልበትም ነበረኝ። ፊቴን ወደ ሙዙ ተክል አዙሬ ሮቢናን ከመጣራት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። በዚያ ሰዓት በመንደሩ ውስጥ የነበረች አንዲት ሞተር የእኔ ነበረች፤ እሳቸው ግን ከኋላዬ ሊቀመጡ አይችሉም። በጎረቤት ብስክሌት፣ የተሰበረ እጃቸውን በነጠላ አንጠልጥለው፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ጤና ጣቢያ ሄዱ። እኔ ባዶ ሞተሬን እየገፋሁ በሌላ መንገድ ተመለስኩ፤ እያለቀስኩ።

በወጉ መሠረት ያየሁትን የሚሸፍን የዛፍ ልጥ ልብስ ገዝቼ ከአጎቴ ልጅ ጋር ላክሁ። ተቀበሉኝ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ እሳቸው ከተዘጋው በር ኋላ ሆነው የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

“ልጄ፣ አልተቀየምኩህም። ግን ድምፅህ እስኪመለስ እዚህ ግቢ አትምጣ። በገዛ ጓሮዬ እየተሳቀቅኩ መኖር አልችልም።”

ጥሩንባ ይንፋ እንደሚሉ አውቃለሁ። በደንብዎ ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ ያለ አደጋ ጥሩንባ መንፋት ከልክለዋል፤ ባይከለክሉም ዓሣ ሻጩም ወተት ሰብሳቢውም ስለሚነፉ አማቴ በነፋ ሁሉ ሲሮጡ ሊውሉ ነው። ሮቢና ሕፃኗን ይዛ ወደ መንገድ ትውጣ እንዳይሉም፣ የልጇን እምብርት ወግ ሳትጨርስ ከግቢ አትወጣም፤ ያንን የሚያደርጉት አያቷ ናቸው፤ የአያቷ እጅ በጀሶ ታስሯል። አንድ ቀን በእግሬ፣ እያጨበጨብኩና ስሜን እየጠራሁ ሄድኩ። ሰካራም መጣ ብለው በር ቀረቀሩብኝ፤ ጎረቤትም ዱላ ይዞ ወጣ።

አራተኛ። ከተገጠመልኝ በአሥራ አምስተኛው ቀን የካይዚ ሲሊኮን ተሰነጣጠቀ። መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጣት ስትነሣ፣ ትክ ትክ ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎ ነዳጅ በለቀቅኩ ቁጥር እንደ ርችት ይተኩስ ጀመር፤ የመምህርት ፔሩዝ ነጭ ቀሚስ በጥላሸት ጠቆረ፤ ጭሱም ራሷን አሳመማት። እሷን በጣም ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ለራሴ ግን፣ አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። ሞተሬ ድምፅ አወጣች! ያን ጊዜውኑ ወተት ገዝቼ ወደ ካሶሎ በረርኩ። ድልድዩ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረኝ የእርስዎ ሰዎች ገመድ ዘርግተው ጠበቁኝ። ወተቱ ግቢዎ ውስጥ ረጋ።

እስኪ ይህን ያስቡልኝ፤ ምክር ቤቱ የመረጠውን፣ ምክር ቤቱ ያስገጠመውን፣ ምክር ቤቱ በቀይ ቀለም ያተመበትን ማርሚታ ምክር ቤቱ ራሱ ከሰሰው፤ የታሰርኩት ግን እኔ ነኝ። ካይዚም እንደገና ታዘዘና በተሰነጠቀው ላይ ሌላ ሲሊኮን ደፍድፎ ሸኘኝ። በሳምንቱ እንደገና ተነፈሰ።

በዚህ ጊዜ ካይዚን ተውኩት። ቤቴ ወስጄ ራሴ ፈታሁት። ሁለቱን ቀለበት አውጥቼ ጣልኩ። መጋጠሚያውን በሽቦ ብሩሽ ፍቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ አንድ አዲስ የመዳብ ቀለበት አስገባሁ። ሁለቱን ዳዶ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያልኩ እኩል አጠበቅኩ። ቱቦው ከማርሚታው በሚገናኝበት ላይ ሙቀት የሚችለውን ሲሊኮን በስሱ ቀባሁ፤ በፋሼታ፣ በብረት ቀበቶው፣ አሰርኩት፤ እስከ ማግስቱ አልነካሁትም። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ በሚኒሞ አሙቄ፣ አቀዝቅዤ፣ እንደገና አጠበቅኩ። የሳሙና ውሃ ብቀባበት አንድ አረፋ አልወጣም። ከሃያ ሦስቱ ሞተሮች ሁሉ ዛሬ ዝምተኛዋ የእኔ ናት።

ለዚህም ሁለተኛ አሰሩኝ፤ ቀዩን ቀለም ሰብረሃል ተባልኩ። እውነት ነው፣ ሰብሬአለሁ። ደንብዎ የሚፈልገውን ዝምታ ለማምጣት ደንብዎን መጣስ ነበረብኝ፤ በገዛ እጄም ከልጄ የሚለየኝን ዝምታ አሽጌ ጨረስኩ።

የቀሩትን አቤቱታዎች ትቼ ወደ አምስተኛው ጉብኝቴ ልሂድ። የለመንኩዎት አንድ ወረቀት ነበር። አሮጌው ማርሚታዬ ይመለስልኝና ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከድልድዩ እስከ አማቴ አጥር፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል፣ ድምፅ ላሰማ። መንገዱ ላይ ካሉት ላሞች በቀር የሚታወክ የለም። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፦

“ደንቡ ስለ አማት የሚለው ነገር የለም። ሁሉም አማት አለው፤ ለሁሉም ልፈቅድ ነው?”

ስለዚህ ጥልቅ መልስዎ በአደባባይ አመሰግንዎታለሁ። ከተማችንን ጸጥ ስላደረጉልን፣ ወፍጮው ብቻውን በነጻነት እንዲጮህ ስለፈቀዱለት፣ አንድ አባት የልጁን ፊት በስልክ ፎቶግራፍ ብቻ እንዲያጠና ጊዜ ስለሰጡት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ በሕግ ጸጥ የተደረገ፣ ሁለት ጊዜ የታሰረችው ሞተር ባለቤት፣ ስድስት ሳምንት ያላቀፋት የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣

ጄሮም ክያዜ
ከፌኔው ዛፍ ሥር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ጨርሼ ልለጥፈው ስል ሮቢና ደወለች። ባለፈው እሑድ የታናሽ እህቷን የጁስቲንን የጋብቻ ጉዳይ የያዙት አክስታቸው ካሶሎ መጥተው ነበር፤ ጁስቲንን ላግባ፣ ለቤተሰቡ የምቀርብበት የመተዋወቂያ ቀን ይቆረጥልኝ የሚል ደብዳቤ ይዘው። የጠያቂውን ስም ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፤ ሁለቱንም ጊዜ የእርስዎን ስም ጠራች። እኔ የዚያ ቤት አማች መሆኔን አላወቁም ይሆናል፤ እንኳን ደስ አለዎት። አክስትየው ሊያሞግሱዎት ብለው፣ እንግዳው የሚመጣው ምክር ቤቱ በሰጠው አዲስ መኪና ነው፣ ድምፅ የሚባል የላትም አሉ። አማቴም በጀሶ የታሰረ እጃቸውን እያዩ የመለሱት ይህ ነው፦ “ሳይሰማ የመጣ አማች አንድ እጄን ወስዷል። ሁለተኛውን አልሰጥም። ይህኛውን አማች ከድልድዩ ማዶ ካልሰማሁት ቀን አልቆርጥለትም።” እንግዲህ ከድልድዩ እስከ አጥሩ ድምፅ የማሰማት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ የሚሰጡትም እርስዎ ነዎት። ለራስዎ ሲጽፉ ከሥሩ አንድ መስመር ትተው የእኔንም ስም ያስገቡልኝ። ልጄ ፈገግ ማለት ጀምራለች አሉኝ።