ሦስተኛው ጥያቄ

ጃንዋሪ 9
በረዶ ጠረግኩ። ሾርባ ሠራሁ። አባዬ የዓሣ መንጠቆዎቹን ሲያሰናዳ ዋለ... በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ! ከጋራዡ እስከ በሩ ሁለቴ አረፈ። "ምነው አባዬ?" "ኧረ ምንም አልልም።" ያኔ እግሩ ተሰብሮም ያለው ይህንኑ ነው።

ጃንዋሪ 16
ከተማ፣ የልብ ሐኪሙ ዘንድ። ወጣት ነው፣ ችኩል፣ ከአሜሪካ ደቡብ የመጣ። የልቡ ቫልቭ ጠቧል አለ። በቀዶ ጥገና ይቀየራል። "እናድርገው?" አባዬ ፈገግ ብሎ፣ "እሺ፣ ጥሩ ነው።" አለቀ! ለፌብሩዋሪ 6 ተቀጠረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ግን መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ሐይቆቹን ሲያይ መጣ። ፈርቶ ነው? ወይስ...?

ጃንዋሪ 21
እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጎረቤታችን ኬክ ይዛ ዞረች። አባዬ እንደ ደንቡ፣ "የለም፣ በቃኝ።" "ኧረ ትንሽ!" "የለም፣ አትቸገሪ።" በሦስተኛው ትልቁን ቁራጭ አነሳ። እኛ የሚኒሶታ ሰዎች እንዲህ ነን፤ እውነታችን የሚወጣው በሦስተኛው ጥያቄ ነው።
ሹካዬን አስቀመጥኩ። ያ ሐኪም እኮ የጠየቀው አንዴ ነው! አባዬ እሺ ያለው እንዳያስቀይመው ይሆን እንዴ?

ጃንዋሪ 24
ወደ ዶክተር ሃውግ ወሰድኩት። የመንደራችን ሐኪም፣ የዚሁ አገር ልጅ። ጥርጣሬዬን ስነግራት ሳቀች። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።
"ጋሽ ኦርቪል፣ ቀዶ ጥገናውን ይፈልጉታል?"
"ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው።"
"ስለ እሱ አልጠየቅኩዎትም። ይፈልጉታል?"
"ልጄ ማርላ የምትፈልገው ይመስለኛል።"
ዶክተሯ አልቸኮለችም። ቢሳካ ትንፋሹ እንደሚቀልለት፣ ዕድሜም ሊጨምርለት እንደሚችል፤ ባይሳካ ደግሞ ከአልጋ ላይነሣ እንደሚችል፣ ሁለቱንም አስረዳችው።
"አሁንስ? እርስዎ ራስዎ?"
ቀና ብሎ አያት። "አልፈልግም። ጊዜዬን ሐይቁ ላይ፣ ዓሣ እያጠመድኩ ልጨርስ።"
አለቀስኩ። ግን ደግሞ ቀለለኝ። ለካ እኔም "እሺ"ውን አላመንኩትም ነበር።

ጃንዋሪ 25
ለከተማው ሐኪም ራሱ ደወለ። ሦስቴ ይቅርታ ጠየቀው! ግን "አልፈልግም"ን አልዋጣትም።

ፌብሩዋሪ 6
ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነበር የሚሆነው። እኛ ግን ጠጥሮ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ፣ በረዶውን በስተን ዓሣ በምናጠምድባት ጎጇችን ውስጥ ዋልን። ዶክተር ሃውግ ያዘዘችው መድኃኒት ትንፋሹን ትንሽ አቅልሎለታል፤ አንዲት ነርስም በየሳምንቱ ቤት ትመጣለች። ስንት ጊዜ ቀረን? አላውቅም። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል። እሱ ሁለት ያዘ፣ እኔ ምንም። "እጅሽ ዓሣ ያባርራል" እያለ ሲያበሽቀኝ ዋለ።
ወደ መኪናው ስንመለስ መሃል ላይ ቆመ። "ማርላ፣ ደክሞኛል። ነይ ደግፊኝ።"
ማንም ሳይጠይቀው! ክንዱን ያዝኩ። ቀስ ብለን ሄድን።