ከዋሻው በፊት የሚበራው መብራት

ውድ ተሳፋሪዬ፣

ይህን ስም ካነሣሁት ስንት ዘመኑ! ሳንጋባ በፊት፣ አውቶቡሴ ላይ ሁልጊዜ ከጀርባዬ ያለውን ወንበር ይዘሽ ስትቀመጪ ያወጣሁልሽ ስም ነበር። ከተጋባን በኋላ ግን «አንቺ» ብቻ ሆንሽ። «አንቺ፣ ካልሲዬስ?»፣ «አንቺ፣ ራት አልደረሰም?» ዛሬ የድሮው ስም ትዝ ያለኝ ወድጄ አይደለም፤ ጥፋተኛ ሰው መለማመጫ ሲያጣ የማይቆፍረው የለም።

ከሄድሽ አምስት ወር ሊሞላ ነው። አንድ ነገር ግን እረፍት ነሥቶኝ ከርሟል። በመጨረሻዋ ቀን፣ ድምፅሽ ከጠፋ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተኝተሽ፣ እኔ ከእግርጌሽ ቆሜ ሳለሁ፣ ቀኝ እጅሽን ከብርድ ልብሱ አውጥተሽ ግራና ቀኝ አወዛወዝሽው። ውሃ የፈለግሽ መስሎኝ ብርጭቆ አመጣሁ፤ ከንፈርሽን ገጠምሽ። እንደገና አወዛወዝሽው። ብርሃኑ ዓይንሽን የወጋሽ መስሎኝ መጋረጃውን ሳብኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሺው ትራሱን አገላበጥኩልሽ። ያኔ ፈገግ አልሽና እጅሽን መለስሽ። በዚያው ቀን ማታ አረፍሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሯት ኖሮ የሚስቱን የመጨረሻ ጥያቄ ሳይረዳ የቀረ ባል እያልኩ ራሴን ስበላ ከረምኩ። አሁን የምጽፍልሽ ምን እንደነበረ ስላወቅሁ ነው።

ከቤት ያስወጣችኝ ልጃችን ናት። «አባዬ፣ ወንበሩ ላይ ሥር ልትሰድ ነው እኮ፤ በል ተነሥና ተራመድ» አለችኝ። «ወዴት?» ስላት፣ «ከተማ ሙሉ እያለልህ ወዴት ይባላል?» ብላ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። በማን እንደወጣች ታውቂያለሽ።

እኔ ደግሞ ከሰባት ቁጥር መስመር ሌላ መንገድ የት አውቅና! እሱኑ ከመነሻው ጀምሬ በእግሬ ተያያዝኩት፤ በቀን ሁለት ፌርማታ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ ሦስት። ሠላሳ አራት ዓመት የነዳሁበት ከተማ ነው እያልኩ ስኮራብሽ ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የማውቀው አስፋልቱን ነበር። ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና ጭራና በስፖኪዮ የሚመጣበትን ያያል እንጂ ከተማ አያይም።

ሦስተኛው ፌርማታ ለእኔ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ የሚዘለው ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ማለት ነበር። ለካ ከጀርባው ግቢ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እዚያ ተሰብስበው የተሰበረ ወንበር፣ የቆመ ሰዓት፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ በነፃ ይጠግናሉ። አንዱ ገና ሲያየኝ «ወንድሜ፣ ምን ተሰብሮብዎት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? «የሚጠገን አይደለም» ብዬው አለፍኩ።

ስድስተኛው ላይ የእሳት አደጋ ጣቢያው አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ስደርስ ጡሩምባ ስለምሰማ፣ ከኋላዬ የእሳት አደጋ መኪና መጣ ብዬ ፍሬን እረግጥ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ተሳፋሪው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ እስከ ዘር ማንዘሬ ይሰድበኛል። ቤት ገብቼም «ማክሰኞ ማክሰኞ ምን እንደሚቃጠል እንጃ» እልሽ ነበር። የሚቃጠል ነገር የለም! እሳት አጥፊዎቹ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሙዚቃ የሚለማመዱበት ቀን ነው። አንዲት ቀጭን ሴት ከእሷ የሚበልጥ ጡሩምባ አቅፋ፣ ጉንጮቿ እስኪነፉ ስትነፋ ቆሜ አየሁ። ሳቄ መጣ። ልነግርሽ ዞር ስል አልነበርሽም። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ሙዚቃው የነካኝ ሳይመስለው አልቀረም።

ዘጠነኛውን ፌርማታ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸሸሁት። የአንቺ ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደ ኮረብታው የሚያወጣው ደረጃ ሥር የምትወርጂበት። በስፖኪዮ አይሽ ነበር። ቦርሳሽን ትከሻሽ ላይ አስተካክለሽ፣ አንድም ቀን ዞር ሳትዪ ደረጃውን ትወጪዋለሽ። ይቺ ሴትዮ አንዴ እንኳ ዞራ አታየኝም እያልኩ ቅር ይለኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ። ወዴት ነው ስልሽ «ስፌት» ትዪኛለሽ። «ወሬ ነው የምትሰፉት» እልሻለሁ። ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። «አንድ ሐሙስ ፈቃድ ውሰድና አብረን እንውጣ፣ ከተማው ከላይ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር ላሳይህ» ብለሽ። መጀመሪያ ሥራ አለብኝ አልኩ። ሁለተኛ ጉልበቴን አመካኘሁ፤ ያንቺ ጉልበት ከእኔ የባሰ መሆኑን እያወቅሁ። በሦስተኛው አፌን ሞልቼ «ከተማውን ለእኔ? ለሰው የማሳየው እኔ!» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሽኝም።

ባለፈው ሐሙስ ወጣሁት። መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው፤ አራቴ አርፌያለሁ። ከላይ ጠፍጣፋ ሜዳ አለ፣ ጫፉ ላይ የብረት አጥር፣ መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ረጅም ጠረጴዛ። ሰባት ስምንት ሰዎች ከበው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንንሽ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ሆስፒታል ውስጥ መጠቅለያ ሳይኖራቸው ለሚወለዱ ሕፃናት መሆኑን ኋላ ነገሩኝ። ፊታቸው አልጠፋኝም። ቀብርሽ ላይ ከኋላ ቆመው የነበሩት ናቸው፤ የእህትሽ ጎረቤቶች መስለውኝ አንገቴን ነቅንቄላቸው ብቻ አልፌያቸው ነበር።

ከመካከላቸው መቀስ የያዘ አንድ ልብስ ሰፊ አፍጥጦ አየኝና መቀሱን አስቀመጠ።

«ሰባት ቁጥር!» አለ። «እሱ ራሱ ነው እኮ!»

«አንተ ደግሞ! ሰውዬው መጀመሪያ ይተንፍስ» አለችው አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ። ሁሉም ዓይን ዓይኗን ስለሚያይ አዛዣቸው እሷ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። ወንበር ሳበችልኝ። «ዘገዩ እኮ፣ ወንድሜ። እሷ አንድ ቀን ይመጣል ስትል፣ እኛም ይመጣል ስንል አሥራ አንድ ዓመታችን።»

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው ስጥል ክው አልኩ። ቢጫ ቁራጭ፣ ሰማያዊ ቁራጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሰማያዊው የእኔ የሥራ ሸሚዝ ነው! አንዱ ላይ እንዲያውም የመለያ ቁጥሬ ተሰፍቶበት የነበረው ቦታ ሳይደበዝዝ ቀርቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ሸሚዞቼ የት ነው የሚገቡት? ለወንድምሽ ነው አይደል የምትሰጪው?» እያልኩ ስጮህብሽ «አይጥ በላቸው» ስትዪኝ የኖርሽው ለዚህ ነው። አዋላጇ እንደነገረችኝ የዚህ ከተማ ስንቱ ልጅ የመጀመሪያ ቀኑን በእኔ እጅጌ ተጠቅልሎ ውሏል። በወንድምሽ ስለተናገርኩት ይቅር በዪኝ፤ ትናንት ደውዬ እሱንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ምን እንዳጠፋሁ አላወቀም፤ ብቻ «ምንም አይደል» አለኝ።

አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ማንም ሰዓቱን ሳያይ ሁሉም መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ተነሣ። ወደ ብረት አጥሩ ሄዱ። «ይምጡ እንጂ፣ ያመልጥዎታል» አለኝ ልብስ ሰፊው።

ከተማውን ያኔ አየሁት። ጣሪያው ሁሉ፣ ወንዙ፣ የእሳት አደጋው ቀይ በር፣ የጠጋኞቹ ግቢ፣ ሁሉም እንደ መዳፍ ተዘርግቷል። እውነትሽን ነበር፣ ያምራል። ከሥራችን ደግሞ ሰባት ቁጥር ከመድረሻው ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ይታያል፤ ኮረብታውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመኪና ዋሻ አፍ ጭምር።

«እዚህ ጋ ነበር የምትቆመው» አለችኝ አዋላጇ። የአጥሩ ቀለም እዚያ ቦታ ላይ በእጅ ብዛት ተልጧል። «አውቶቡስዎ ብቅ ሲል ሻሿን ፈታ ታውለበልባለች፣ እኛም አብረናት። እርስዎም ይመልሱላት ነበር።»

«እኔ?»

«በመብራት ነዋ! እዚያች ምሰሶ ጋ ሲደርሱ ብልጭ። አንድም ሐሙስ አልሳቱም።»

ተሳፋሪዬ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዋሻ ከመግባትህ በፊት የፊት መብራትህን አብራ ይላል ደንቡ። መንጃ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ያቺ ምሰሶ የዋሻው ምልክት ናት፤ እዚያ ስደርስ እጄ ሳላዘው ነው የሚያበራው። ወደ ላይ አንድም ቀን አላየሁም። ከሾፌር ወንበር ላይ የኮረብታው አናት አይታይም፣ የአውቶቡሱ ጣሪያ ይጋርደዋል። ለማየት ጎንበስ ብሎ አንገትን መጠምዘዝ ይጠይቃል። ለማን ብዬ ልጠምዝዘው? የወጣሽው ወሬ ልትሰፊ አይደል?

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን በቁምሽ ያልዋልኩልሽን ውለታ ከሞትሽ በኋላ መቀበል አሳፈረኝ።

«ለእሷ አልነበረም» አልኳቸው። «የዋሻ ደንብ ነው። አላየኋትም። አንድም ቀን አላየኋትም።»

ልብስ ሰፊው መሬት መሬቱን አየ። አዋላጇ ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«እናውቃለን» አለች። «ከእሷ ለምዶብን ነው 'መለሰላት' የምንለው። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ይሄ አፉ የማያርፍ ልብስ ሰፊ 'እሱ የሚያበራው ለዋሻው እኮ ነው' ብሏት ነበር። ምን ብላ እንደመለሰችለት ልንገርዎት? 'የሾፌር ሚስት ነኝ፣ ደንቡን አላጣውም። እሱ ለዋሻው ያብራ፣ እኔ ለእኔ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ባል የሚሰጠው አለ፣ ሚስት ራሷ የምትወስደው አለ።' ከዚያ ወዲህ ማንም ደፍሮ አልተናገራት።»

እጅሽ ያኔ ገባኝ። ውሃም አልነበረም፣ መጋረጃም አልነበረም፣ ትራስም አልነበረም። እኔ ከእግርጌሽ ቆሜ፣ ስፖኪዮም ጣሪያም በመካከላችን ሳይኖር፣ አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ አጥር ላይ ስታደርጊው የኖርሽውን አደረግሽልኝ። ቻው እያልሽኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አልሽኝ። አንዴ እጄን ባነሣ ይበቃሽ ነበር፤ እኔ መጋረጃ ዘጋሁብሽ። አንቺ ግን ፈገግ ብለሽ እጅሽን መለስሽ። እሱንም እንደ መብራቱ መልስ ነው ብለሽ ወስደሽው ይሆን? እንዲያ ከሆነ እኔ የባሰ አዘንኩ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ የእኔን ድርሻ አንቺው ሞላሽ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲሉ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፣ ግን ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ያልጨረስሽው ብርድ ልብስ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ሊጨርሱልሽ ፈልገው ሰማያዊ አልቆባቸዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ሸሚዝ ቀርቶኛል፤ በጡረታዬ ቀን የለበስኩት፣ ይህን እንኳ አይጥ እንዳይበላው ብዬ የደበቅሁብሽ። የፊታችን ሐሙስ ይዤው እወጣለሁ። አዋላጇ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ልታስተምረኝ ሞክራ «በእነዚህ ጣቶች ነው ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያጓጉዙ የኖሩት?» ብላ ስቃብኛለች። እለምደዋለሁ። ብርድ ልብሱን እኔ እጨርስልሻለሁ።

አንዲት ነገር ቀርታኛለች፣ ነግሬሽ ላብቃ። አጥሩ ጋ እንደቆምን ሰባት ቁጥር ከመታጠፊያው ብቅ አለ። የሚነዳው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ከላይ ፊት አይታይም። ሰዎችሽ እጃቸውን አነሡ። እኔም ቀለሙ በተላጠው ቦታ ላይ ቆሜ አነሣሁ፤ አምስት ወር ዘግይቼ፣ ሦስት ጊዜ፣ ግራና ቀኝ አወዛወዝኩት። አውቶቡሱ ምሰሶዋ ጋ ሲደርስ መብራቱን አበራ።

ለዋሻው ነው። ደንቡን እኔ አላጣውም። ግን ካንቺ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ዘግይቶ ቀና ያለው፣
ሾፌርሽ